«እናንተ ጋ አለ?»፦ ከምኒልክ የስልክ ሽቦ እስከ አየር ጤናው ራውተር

አዲስ አበባ ውስጥ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚደረገው ምንድን ነው? ሻማ መፈለግ እንዳትሉኝ። መጀመሪያ በመስኮት ብቅ ተብሎ ጎረቤት ይታያል። ጎረቤት ካለው ችግሩ የኛ ቆጣሪ ላይ ነው። የኛም የጎረቤትም ጠፍቶ ማዶ ያሉት ካላቸው አንዱ ፌዝ ሄዷል ማለት ነው። ሰፈሩ እንዳለ ከጨለመ ትራንስፎርመሩ ይጠረጠራል። ከዚያ ስልክ ይነሳና ቤቴል ላለችው አክስት ወይም መርካቶ ላለው ወንድም ይደወላል፦ «እናንተ ጋ አለ?»

ይቺ ጥያቄ እንደ ቀልድ ትታያለች እንጂ ትልቅ ሳይንስ አለባት። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር የሚጠብቁ ልጆች ደመወዝ የሚበሉት እሷኑ በማሽን ሲጠይቁ ውለው ሲጠይቁ ስለሚያድሩ ነው። ማሽኑ በየደቂቃው ለአስኮ ቅርንጫፍ፣ ለቀራንዮ ቅርንጫፍ፣ ለሐዋሳ፣ ለደሴ «አለህ?» ይላል። «አለሁ» ካለው አረንጓዴ፣ ዝም ካለው ቀይ ይሆናል። ቀላል ይመስላል አይደል? ጣጣው ያለው ዝም ሲል ነው። ዝምታ ብዙ ትርጉም አለው። የሞተ ዝም ይላል፣ የተኛ ዝም ይላል፣ አፉን የተያዘም ዝም ይላል። የሀገራችን የመገናኛ ታሪክ ከግማሽ በላይ እነዚህን ዝምታዎች የመለየት ታሪክ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የሐበሻው ሲያስፈልግ እናገራለሁ። ለነገሩ ይሄ የአቆጣጠር ጉዳይ ራሱ ወደ በኋላ ጉድ ያመጣል።)

እስቲ ከሥሩ እንጀምር። የኢትዮጵያ ቴሌኮም ልደቱን የሚቆጥረው ከ1894 ነው፤ ዘመኑ የአጼ ምኒልክ፣ መስመሩ ከሐረር አዲስ አበባ፣ ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር። ቤተ ክህነቱ «ይሄ የሰይጣን ድምጽ ነው» ብሎ ሙግት ገጥሞ ነበር ይባላል። ይሄን ወሬ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ በየመጽሔቱም ሺህ ጊዜ ተጽፏል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ሽቦው ተዘርግቶ ካለቀ በኋላ ማን ጠበቀው?

የዘመኑ ተጓዦች ከጻፏቸው ነገሮች መካከል የስልክ መስመሩ ጠላቶች ዝርዝር ይገኝበታል። ዝሆን ጀርባውን ሲበላው ምሰሶውን ማከኪያ ያደርገዋል። ዝንጀሮ ሽቦው ላይ ዥዋዥዌ ይጫወታል። ምስጥ እንጨቱን ከሥሩ ይበላዋል። ሰውም አይቀርም፦ ሽቦ ጥሩ አምባርና ጌጥ ይወጣዋል፤ ቆርጦ የሚወስድ አይጠፋም። አሁን ራሳችሁን አዲስ አበባ ባለው ስልከኛ ቦታ አድርጉት። እጀታውን ታዞራላችሁ፣ ማንም አይመልስም። 477 ኪሎ ሜትር ውስጥ የትኛው ምሰሶ ነው የወደቀው? ወይስ ማዶ ያለው ስልከኛ ምሳ ሄዶ ነው?

መልሱ የተገኘው ከመስመሩ አሠራር ነው። በመንገዱ ላይ የስልክ ጣቢያዎች ነበሩ፤ ጎጆ ቢጤ ቤት፣ አንድ መሣሪያ፣ አንድ ስልከኛ። ሐረር ካልመለሰ ቅርብ ያለውን ጣቢያ መጥራት ነው። እሱ ከመለሰ ቀጣዩን። እሱም ከመለሰ የሚቀጥለውን። የመጨረሻው የመለሰና የመጀመሪያው ዝም ያለ ጣቢያ ሲታወቁ ብልሽቱ በሁለቱ መካከል ተገኘ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ በቅሎና ሽቦ ያለው ሰው ይላካል። ኮምፒውተር የተማራችሁ አንባቢዎች ፈገግ ስትሉ ይታየኛል። ዛሬ «ትሬስራውት» ብላችሁ የምትጽፉት ትእዛዝ የሚሠራው ይሄንኑ ነው። ልዩነቱ በቅሎዋ ብቻ ነች።

አውሮፓውያን በዚያው ዘመን ሌላ ብልሃት ነበራቸው። የሽቦውን የኤሌክትሪክ መቋቋም ከአንድ ጫፍ ለክቶ፣ ሽቦው ከመሬት ጋር የተነካካው ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደሆነ በስሌት ማግኘት ይቻላል፤ የመሪ ዘዴ የሚባለው ይሄ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ብልሽትን ማወቅ! ለዚህ ግን የሽቦው ውፍረትና ርዝመት በትክክል መመዝገብ አለበት። አንዴ በወፍራም፣ አንዴ በቀጭን፣ አንዴ በተገኘው በተቀጠለ መስመር ላይ ስሌት ብዙ አያራምድም። መስመሩ አጠገብ ያለ ሰው ያስፈልጋል።

መሀሉን በሩጫ ልለፈው። ጣልያን መጣ፣ ሄደ። በ1952 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። በ1979 ሱሉልታ ላይ የሳተላይት ጣቢያ ተተከለ። በ1996 ኮርፖሬሽን ሆነ፣ በ2010 ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። በዚህ መሀል ከተማዋ ወደ ምዕራብ ተለጠጠች። ኮልፌን ዓለም የሚያውቃት ማንዴላ በ1962 ወታደራዊ ሥልጠና ስለወሰደባት ነው፤ እኛ የምናውቃት ደግሞ የአምቦው መንገድ በአስኮ፣ የጅማው በአየር ጤና ከተማዋን ለቅቀው የሚወጡባት ጫፍ ስለሆነች ነው። ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ተብላ የተዋቀረችው በ2003 ነው። የመስመር ስልክ ካላችሁ ደግሞ ሰፈራችሁ ቁጥራችሁ ላይ ተጽፏል፦ 279 ካለበት ኮልፌ፣ 348 ካለበት ቀራንዮ። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ማዕከል ነበረው ማለት ነው።

ከዚያ ዘመን አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ ለዛሬው ሰርቨር ጠባቂ ትልቅ ትምህርት አለውና። ክረምት ሲገባ ውሃ የገባበት ገመድ ይበላሻል። እናንተ ከፒያሳ ወደ ቀራንዮ ትደውላላችሁ። ይጠራል። ደጋግማችሁ ትሞክራላችሁ፣ ይጠራል። «ሰዎቹ የሉም» ብላችሁ ትተዋላችሁ። ወይም ትቀየማላችሁ! ሰዎቹ ግን ስልኩ አጠገብ ቁጭ ብለው ነው የዋሉት። ስልኩ አልጮኸም። ለምን ቢባል በጆሯችሁ የምትሰሙት «ጢ... ጢ...» ከሰዎቹ ቤት አይመጣም፤ ከማዕከሉ ነው። ማዕከሉ «ደወል ልኬያለሁ» ይላችኋል እንጂ «ደወሉ ደርሷል» አላላችሁም። ከማዕከሉ እስከ ቤቱ ያለችው የመጨረሻዋ ሽቦ ብትበጠስም ጥሪው ለደዋዩ ደህና ይመስላል። ስንት ዘመድ በዚህ ምክንያት እንደተኳረፈ ቤቱ ይቁጠረው።

ወደ ኮምፒውተሩ እንምጣ። በታኅሣሥ ወር 1983 ማይክ ሙስ የሚባል አሜሪካዊ ኔትዎርክ አስቸግሮት አንድ አጭር ፕሮግራም ጻፈና «ፒንግ» አለው። ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ድምጽ ልኮ ማሚቶውን እንደሚያዳምጠው ዓይነት ነው። «አለህ?» «አለሁ»፣ በቃ። በ1995 ደግሞ ቶቢያስ ኦቲከር የመስመሩን ጭነት በግራፍ የሚስል ኤምአርቲጂ የሚባል ነገር ሠራ። ከዚያ በ1999 ኢታን ጋልስታድ «ኔትሴይንት» ብሎ አወጣ፤ የኔትዎርክ ቅዱስ እንደማለት። የንግድ ስም ጭቅጭቅ ሲመጣ በ2002 «ናጊዮስ» ብሎ ለወጠው፤ ፊደሎቹ ሲተነተኑ «ናጊዮስ ቅድስናው ይቅርብኝ ባይ ነው» እንደማለት ይሆናሉ። ቀልደኛ ሰው ነው። (ቅዱሳኑን አትርሷቸው፤ ኮልፌ ላይ እንገናኛቸዋለን።) በ2001 ደግሞ ላትቪያዊው አሌክሴይ ቭላዲሼቭ ዛቢክስን ለሕዝብ ለቀቀ። እነዚህ ሁሉ ነጻ ናቸው፤ የሀገራችንም ባለሙያ ብዙ የሚጠቀመው በነሱ ነው።

እኛ ጋ ኢንተርኔት በይፋ የገባው በጃንዋሪ 1997 ነው። ከዚያ በፊት በኢሲኤ ግቢ ፓዲስ የሚባለው ፕሮጀክት በተራ ስልክ መስመር ኢሜይል ያመላልስ ነበር፤ መልእክት ተጠራቅሞ ይቆይና መስመር ሲገኝ በአንዴ ይላካል። ይቺን «ተጠራቅሞ ይቆይና» የምትለዋን በልባችሁ ያዙልኝ።

ከዚያ የኢንተርኔት ካፌው ዘመን መጣ። ጦር ኃይሎችም ሆነ ሉካንዳ በደቂቃ ሂሳብ ኢሜይል የከፈታችሁ ታስታውሳላችሁ፤ በሩ ላይ «ኮኔክሽን የለም» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። የካፌው ልጅ ወረቀቱን ከመለጠፉ በፊት ምን ያደርግ ነበር? ራውተሩን ያጠፋል ያበራል። ካልመጣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ካፌ ይጠይቃል። እሱም ከሌለው ቦሌ ላለ ጓደኛው ይደውላል። «እናንተ ጋ አለ?» ቦሌም ከሌለ ወረቀቱን ለጥፎ ቡና ሊጠጣ ይሄዳል፤ ያኔ ጉዳዩ ከሱ አቅም በላይ ነው። ይሄ ልጅ ናጊዮስ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። በሦስት ጥያቄ ግን ብልሽቱን ከማሽን ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ወደ ሀገር ከፋፍሎ ያውቅ ነበር።

በዚያው ሰሞን መንግሥት ወረዳኔትና ስኩልኔት የሚሉትን ጀመረ። ወረዳኔት ወደ 600 የሚጠጉ ወረዳዎችን ከማዕከል ጋር ለማገናኘት የታሰበ ሲሆን፣ ስኩልኔት ያው የፕላዝማው ትምህርት ነው (የኛ ትውልድ ፕላዝማ! ሌላ ቀን እናወራበታለን)። ገጠር ላሉት አብዛኞቹ ቦታዎች ፋይበር ስላልነበረ ምልክቱ በሳተላይት ነው የሚሄደው። ሳተላይቷ ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነች። ምልክት ወጥቶ ወርዶ፣ መልሱም ወጥቶ ወርዶ እስኪመጣ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ለፋይበር የተስተካከለ መከታተያ እንዲህ ያለውን መልስ ሲያይ «ዘግይቷል፣ ታሟል» ብሎ አላርም ይነፋል። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ምልክቱ ይደክማል፣ አላርሙ ይብሳል። አላርም በበዛ ቁጥር የሚያየው ሰው ያንሳል። ተኩላ መጣ እያለ ያታለለውን እረኛ ታሪክ ሁላችንም ልጅ ሆነን ሰምተነዋል።

ለዚህ መፍትሔ ተብሎ የመጣው ሐሳብ የተከፋፈለ ክትትል ነው። ማዕከሉ እያንዳንዱን ማሽን ከሩቅ ከሚጠራ፣ በየአካባቢው አንድ ትንሽ ሰብሳቢ ኮምፒውተር ይቀመጥ። እሱ ጎረቤቶቹን ይጠይቅ፣ መልሱን ይሰብስብ፣ ለማዕከል ይላክ። መስመር ቢቋረጥ አጠራቅሞ ይቆይና ሲመለስ ይላክ። ልክ የፓዲስ ኢሜይል! ልክ የሐረሩ መንገድ ስልከኛ! ግሩም ነው፤ ራሱ ሰብሳቢው እስኪታመም ድረስ።

አሁን ኮልፌ ደረስን። ወዳጄ የሆነ አንድ ልጅ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት ሰርቨር ይጠብቃል። መሥሪያ ቤቱ በምዕራብ አዲስ አበባ አምስት ቅርንጫፎች አሉት፦ ጦር ኃይሎች፣ አየር ጤና፣ ቀራንዮ፣ ሉካንዳ፣ አስኮ። ሰብሳቢው ኮምፒውተር የተቀመጠው አየር ጤና ነው። በ2024 መገባደጃ ገደማ ጠዋት ጠዋት አምስቱም ቅርንጫፍ በአንዴ ቀይ ይሆናሉ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በአንዴ አረንጓዴ። ዋናው መሥሪያ ቤት ወዲያው ፈረደ፦ «የምዕራቡ መስመር ይቋረጣል፤ መስመር ሰጪው ይጠየቅ።» ደብዳቤ ተጻፈ። መስመር ሰጪው ለካ፣ «መስመሩ ደህና ነው» ብሎ መለሰ። ማን ያምናል? ሌላ ደብዳቤ ተጻፈ።

ወዳጄ ግን አንድ ቀን ቀዩ በበራበት ቅጽበት ሉካንዳ ደወለ። ገንዘብ ያዧ አነሳችና «ኧረ እየሠራን ነው፣ ሰው ተሰልፏል» አለችው። ስክሪኑ ሞታለች ይላል፤ እሷ ደንበኛ እያስተናገደች ነው! የመጀመሪያው ፍንጭ ይሄ ነው፦ የሞተው ሉካንዳ ሳይሆን ስለ ሉካንዳ የሚናገረው ነው። ሁለተኛው ፍንጭ ደግሞ የባሰ ግራ ያጋባል። በማግስቱ የሉካንዳን ግራፍ ሲከፍት ምንም ክፍተት የለም። አላርሙ «ሞታ ነበር» ይላል፣ ግራፉ «ለአንድ ደቂቃም አልሞተችም» ይላል። ሁለቱም የአንድ ሶፍትዌር ውጤት ናቸው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ሶፍትዌሩ አብዷል፣ ይቀየር» የሚል ወሬ የተነሳው እዚህ ላይ ነው።

ሶፍትዌሩ አላበደም። ሰብሳቢው ከማዕከል ጋር ሲቆራረጥ ማዕከሉ ዜና አጣና «ሞተዋል» አለ። ሰብሳቢው ግን ሥራውን አላቆመም፤ ያጠራቀመውን መስመር ሲመለስ ከነሰዓቱ ላከው። ግራፉ በኋላ ተሞላ። አላርሙ ያየው ያኔ የታወቀውን፣ ግራፉ ያሳየው በኋላ የታወቀውን ነው። የታሪክ ተማሪዎች ይሄን ልዩነት ከኮምፒውተር ሰዎች በተሻለ የሚረዱት ይመስለኛል። ክፍተት የተገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የአየር ጤናው ራውተር ላይ። ሰብሳቢው ኮምፒውተር ራሱ ለ41 ቀን ሳይጠፋ እንደሠራ ይናገራል። እንግዲህ መብራት አልጠፋበትም። ታዲያ አጠገቡ ያለው ራውተር ምን ሆነ?

እዚህ ላይ የሰዓቱ ጉድ መጣ። የአየር ጤናው ጥበቃ አዛውንት ናቸው፤ የተረኛ መዝገባቸው ላይ «ከ3፡00 ጀምሮ ትንሽ ቆሟል» እያሉ በየቀኑ ይጽፉ ነበር። ዋናው መሥሪያ ቤት ያለ ጸሐፊ መዝገቡን ወደ እንግሊዝኛ ሪፖርት ሲገለብጥ «3:00» አለው። ሪፖርቱ ውጭ ሀገር ላለው የሶፍትዌር ድጋፍ ሰጪ ተላከ። ፈረንጁ 03:00 ላይ ያለውን መዝገብ አገላብጦ አገላብጦ «በዚህ ሰዓት ምንም አልተፈጠረም፤ የጽሑፍ መዝገባችሁ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ መለሰ። አንድ ሳምንት ሄደ። የሽማግሌው 3 ሰዓት የማዕከሉ ግራፍ ላይ 09:00 ነው። ራውተሩ ደግሞ በዓለም አቀፍ ሰዓት ስለሚጽፍ እዚያ 06:00 ነው። አንድ ቅጽበት፣ ሦስት ቁጥር። ከሦስቱ ውስጥ ያልታመነው የሽማግሌው ነው፤ ለብልሽቱ በአካል ቅርብ የነበሩት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ወዳጄ ሰዓቱን ካስታረቀ በኋላ ቀኖቹን ደረደረ። እሑድ እሑድ ብልሽቱ የለም፤ ክትትሉ ግን እሑድም ይሠራል። ከእሑድ ሌላ ደህና ያደሩ ቀኖች ነበሩ፦ ኦክቶበር 22 እና 31፣ ኖቬምበር 21 እና 30፣ ዲሴምበር 21 እና 30። ምን ያገናኛቸዋል? ማክሰኞም አለበት ሐሙስም፣ ቅዳሜም አለበት ሰኞም። ወረቀቱን ይዞ አየር ጤና ሄደና ሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ በነዚህ ቀኖች ምን የተለየ ነገር አለ?»

«በኛ ስንት ነው እሱ?»

ቆጠሩት። ጥቅምት 12 እና 21፣ ኅዳር 12 እና 21፣ ታኅሣሥ 12 እና 21።

«ሚካኤልና ማርያም ነዋ ልጄ! ባለ ወፍጮው አይፈጭም።»

ከቅርንጫፉ ጀርባ ወፍጮ ቤት አለ። ባለቤቱ በሚካኤልና በማርያም፣ በሰንበትም አያስነሳውም። በሌላው ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ያስነሳዋል። ትልቁ ሞተር ሲነሳ የሰፈሩን መብራት ይጎትተዋል፤ በቴስተር ሲለካ 220 የነበረው ቮልት ወደ 160 ገደማ ይወርዳል። ሰብሳቢው ኮምፒውተር ዩፒኤስ ላይ ስለሆነ አይሰማውም። ራውተሩን ግን የሆነ ሰው ከዓመታት በፊት በአሮጌ ስታቢላይዘር ሰክቶታል። ስታቢላይዘሩ ቮልት ሲወርድበት ዕቃውን ለመጠበቅ ቀጥ አድርጎ ይዘጋል፣ መብራቱ ከተስተካከለ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ነው የሚከፍተው። ሥራውን በታማኝነት እየሠራ ነው ምስኪን! የአየር ጤና ሠራተኞች ሲጠየቁ ደግሞ «እሱማ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይቆማል፣ ለምደነዋል» አሉ።

የራውተሩ ሶኬት ተነቅሎ ዩፒኤሱ ላይ ተሰካ። ጥገናው ይሄ ብቻ ነው፤ ግማሽ ደቂቃ። ወዳጄ ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ጨመረ። አንደኛ፣ የአየር ጤናው ራውተር ከጠፋ ሌሎቹ አራት «ሞተዋል» ሳይሆን «ዜናቸው አይታወቅም» ተብለው እንዲታዩ አደረገ። ሁለተኛ፣ የየቅርንጫፉን ጥበቃ ስልክ ቁጥር ከአላርሙ ጋር አያይዞ ጻፈ። ሁለተኛውን አለቆቹ ብዙም አልወደዱትም አሉ።

እንዲህ ያለው ነገር በሳቅ ያልፋል። በሳቅ ያላለፈም አለ። በማርች 15 ቀን 2024 ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሒሳባቸው ላይ ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በቴሌግራም ተዛመተ፣ ተማሪው ኤቲኤም ላይ ተሰለፈ። ባንኩ በኋላ እንደገለጸው በዚያ ሰዓት 490 ሺህ ገደማ ዝውውር ተካሂዷል፣ ያለአግባብ የተወሰደው ወደ 801 ሚሊዮን ብር ነው። የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነም ተናግሯል። የባንኩ ክትትል ውስጡ ምን እንደሚመስል የባንኩ ሰዎች ይወቁት። ከውጭ የታየው ግን ይሄ ነው፦ ማሽኖቹ አልቆሙም። ኤቲኤሙ ይቆጥራል፣ ይከፍላል። «አለህ?» ለሚል ጥያቄ «አለሁ» የሚል መልስ በዚያች ሌሊትም አይጠፋም። ፒንግ የሚጠይቀው መኖርህን እንጂ ጤንነትህን አይደለም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አንድ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ያለ ኤቲኤም ለምን ወረፋ እንደበዛበት የሚጠይቅ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ ያንን ከማንም በፊት ማየት የሚችለው ደግሞ እዚያው በር ላይ የቆመው ጥበቃ ነው።

የመጨረሻው ዝምታ ታውቁታላችሁ። ዝሆን የለበትም፣ ወፍጮም የለበትም፣ ኤክስካቫተር የቆረጠው ፋይበርም አይደለም (የዘመናችን ዝሆን ኤክስካቫተር ነው፤ የከተማው ባቡር ጦር ኃይሎች እስኪደርስ ስንት ገመድ እንደተቆረጠ የሰፈሩ ሰው ያውቃል)። በእጅ የሚዘጋው ነው። በ2016፣ በ2019፣ ከዚያም በጁን 30 ቀን 2020 ማለዳ፣ የሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ። ኮልፌ ያለ ሰው በዚያ ጠዋት የሚያየው አንድ ነገር ነው፦ ራውተሩ ላይ መብራቱ አለ፣ ኢንተርኔቱ የለም። አጥፍቶ ያበራል። ሲም ካርዱን አውጥቶ በሸሚዙ ጠርዝ ይጠርጋል። ቦሌ ይደውላል፤ እዚያም የለም። ለንደን ወይም ዋሽንግተን የተቀመጠ ሰው ግን ኔትብሎክስ ያወጣውን ግራፍ ያያል፤ የአንድ ሀገር መስመር ልክ እንደ ገደል ቁልቁል ሲወርድ። ብልሽት እንዲህ በአንድ ቅጽበት በሁሉም ቦታ አይወርድም፤ አንዱ ጋ ይጀምራል፣ ሌላው ጋ ይቆራረጣል። ያ ቀጥ ያለ መስመር ራሱ ማስረጃ ነው። ውጭ ያለው ዘመድ ስለ ኮልፌ መስመር ከኮልፌው ሰው የበለጠ የሚያውቅባቸው ሳምንታት ነበሩ።

መዘጋቱ ከሦስት ሳምንት በላይ ቆየ፤ መጀመሪያ የመስመሩ፣ በመጨረሻ የሞባይሉ ኢንተርኔት በጁላይ ተመለሰ። ያኔ ክትትላቸውን በተራ ኢንተርኔት ላይ የሠሩ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ሰብሳቢ ኮምፒውተሮቹ ያጠራቀሙትን መላክ ጀመሩ። ዛቢክስ ላይ ሰው ካልቀየረው በቀር ሰብሳቢው መስመር ሲጠፋ አጠራቅሞ የሚያቆየው የአንድ ሰዓት መረጃ ብቻ ነው። ሰብሳቢው የላከው የመጨረሻዋን አንድ ሰዓት ነው። የዚያን ዓመት ግራፍ ዛሬ ብትከፍቱት ጁን መጨረሻ ላይ መስመሩ ይቋረጥና፣ ባዶ ነጭ ሜዳ ይከተላል፣ ከዚያ ጁላይ መገባደጃ ላይ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል።